ለሴፕቲክ ታንክ ጥገና ከመንግሥት ብር ይገኛል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሦስት ቤት አለ። አንዱ ከእናታችን የወረስነው የእኛ ነው። ሁለቱ የቀበሌ ቤት ናቸው። ሦስታችንም የምንጠቀመው በአንድ ሴፕቲክ ታንክ ነው፤ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ የሚገባበት ከመሬት ሥር የተገነባ ጉድጓድ ማለቴ ነው። ሲቆጠር አሥራ አንድ ሰው እንሆናለን። ታንኩ 2 በ3 ሜትር ነው፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል። ጥር ላይ አስመጥጠነው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ግን ሞልቶ ግቢው ውስጥ መፍሰስ ጀመረ። ክዳኑም ተሰነጣጥቋል፤ ልጆች ሲረግጡት ልቤ ይመታል። ግንበኛ ጠርተን ብናሳየው “ይሄ አይጠገንም፣ አፍርሶ አዲስ መሥራት ነው” ብሎ 280,000 ብር ጠየቀን። ከየት ይመጣል? ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል፣ እኔ ቀፊራ ቅመም እሸጣለሁ።

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ “እዚህ መንግሥት ለሴፕቲክ ታንክ ብር ይሰጣል፣ እናንተም ጠይቁ” አለችኝ። በዚያው ሳምንት ጎረቤቴ አንድ የቴሌግራም መልእክት አሳየችኝ። “ለቤት ባለቤቶች የሴፕቲክ ታንክ ጥገና የመንግሥት ድጋፍ ተጀመረ፤ ለመመዝገቢያ 500 ብር በቴሌብር ላኩ” ይላል። ልላክ ወይስ ይቅርብኝ? ወንድሜ ደግሞ “እኔ ራሴ ገብቼ ጠርጌ አየዋለሁ” ብሎ ለእሁድ ቀጥሮናል። በሰው ምክር እርሾም ጨምረንበታል። ምን ትሉኛላችሁ?

ክዳኑ ያሳሰባት፣ ከለገሃሬ

መልስ፦ እህቴ፣ ከብሩ በፊት የወንድምሽን ነገር እንጨርስ። እሁድ እዚያ ታንክ ውስጥ እንዳይገባ። ተመጥጦ ባዶ ቢሆንም አይገባም። ገመድ ታስሮ፣ አፉን በፎጣ ሸፍኖም አይገባም። ዝቃጩ ሲብላላ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ትንሽ ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይገማል። ሲበዛ ግን ማሽተትን ራሱን ያደነዝዛል። ሰውየው “ሽታው ቀለለ” ባለበት ቅጽበት ጉልበቱ ይከዳዋል። ሚቴንም አለ፤ እሱ ደግሞ ክብሪትና ሲጋራ ሲያገኝ ይቀጣጠላል። የሽንት ቤት ጉድጓድ አደጋ ሲሰማ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሰው አንድ ላይ የሚሞተው ለምን ይመስልሻል? የወደቀውን ላውጣ ብሎ የሚገባ ስለሚኖር ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው ማስክ ለዚህ ጋዝ ምኑም አይደለም። ወንድምሽ ጉልበት ካለው ከታንኩ ውጭ የሚሠራበት ቦታ አለ። ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ 500 ብሩ። አትላኪ። መንግሥት ድጋፍ ሲሰጥ በቀበሌ፣ በጤና ባለሙያና በውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት በኩል ይመጣል። ማስታወቂያው ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ስም የሚመዘግበው ሰው ወንበርና ማኅተም ይኖረዋል። ብር ሊሰጥሽ የመጣ ሰው ቀድሞ ብር ካስላከሽ፣ ሥራው መስጠት አይደለም። ደግሞ 500 ብር ብለው የቆረጡት በዘፈቀደ አይመስለኝም። ቢበላም ፖሊስ ጣቢያ ድረስ የማያስኬድ ገንዘብ ነው። አንድ ሺህ ሰው ሲልክ ግን ግማሽ ሚሊዮን ይሆናል። መልእክቱን ለጎረቤቶችሽ ከማስተላለፍሽ በፊት ስልክሽን ይዘሽ ቀበሌ ሂጂና አሳያቸው።

የአክስትሽ ልጅ ግን አልዋሸችሽም። አሜሪካ ውስጥ ከአምስት ቤት አንዱ ገደማ ሴፕቲክ ታንክ ነው የሚጠቀመው። የግብርናው መሥሪያ ቤታቸው በገጠር ለሚኖሩ፣ ገቢያቸው በጣም ዝቅተኛ ለሆነና ዕድሜያቸው 62 ለሞላ የቤት ባለቤቶች ለቤት ጥገና እስከ 10,000 ዶላር የማይመለስ ድጋፍ ይሰጣል። ዕድሜው ላልሞላ ደግሞ በ1 በመቶ ወለድ፣ በ20 ዓመት የሚከፈል ብድር አለ። የፍሳሽ ጥገና እዚያ ውስጥ ይገባል። አየርላንድም አላት። ከ2024 (በእነሱ አቆጣጠር) ወዲህ ከፍተኛው መጠን ከ5,000 ወደ 12,000 ዩሮ ከፍ ብሏል፤ የወጪውን 85 በመቶ ድረስ ይሸፍናል። ግን አየርላንድም ብትሆን እንዲሁ ዘርግታ አትሰጥም። ታንኩ የተመዘገበ መሆን አለበት፣ ተቆጣጣሪ አይቶት ጉድለቱን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ ሥራው አልቆ ነው ክፍያው። እነዚህ አገሮች ገንዘቡን የሚያወጡት ለባለቤቱ አዝነው ብቻ አይደለም። የአንዱ ታንክ ፍሳሽ የሌላውን የጉድጓድ ውሃ ስለሚያበላሽ ነው።

እኛ ጋ መንገዱ ሌላ ነው። አገራችን ከ1999 ገደማ ጀምሮ በመጸዳጃ ቤት ጉዳይ የያዘችው አካሄድ ያለ ድጎማ የሚባለው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መጥታ ታስተምራለች፣ ትቀሰቅሳለች። ጉድጓዱን የሚቆፍረውና ወጪውን የሚችለው ቤተሰቡ ነው። ይህ የታሰበው በዋናነት ለገጠሩ ነበር። እኔን ብትጠይቂኝ፣ የገጠር ጉድጓድና አሥራ አንድ ሰው የሚጋራው የከተማ ታንክ በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም። ሆኖም አስተሳሰቡ ከተማም ገብቷል፤ የግል ታንክ የግል ጣጣ ነው።

ለከተማ የሚመጣው ትልቁ ገንዘብ በጋራ ነገር ላይ ነው የሚውለው። ዓለም ባንክ በ2009 ያጸደቀው ሁለተኛው የከተሞች ውሃና ሳኒቴሽን ፕሮጀክት ለምሳሌ አዲስ አበባንና ሌሎች 22 ከተሞችን የያዘ ነበር፤ ከ22ቱ አንዷ ድሬዳዋ ናት። ገንዘቡ የተመደበው ለሕዝብና ለጋራ መጸዳጃ ቤት፣ ለመጣጭ መኪና፣ ለዝቃጭ ማጣሪያና ለመሳሰለው ነው። ድሃ ቤተሰቦችን በሥራ የሚደግፈው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው። ድሬዳዋና ሐረር ከመጀመሪያዎቹ 11 የሴፍቲኔት ከተሞች ውስጥ ናቸው፤ ተጠቃሚዎቹ ቦይ ይጠርጋሉ፣ ሰፈር ያጸዳሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ። የአንቺን ክዳን ግን አይቀይሩልሽም። ስለዚህ እጅሽ ላይ የሚሰጥሽን ብር አትጠብቂ።

እንግዲህ ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። አንቺ እንደ ቀላል ጠቅሰሽው አለፍሽ። ከሦስቱ ቤቶች ሁለቱ የቀበሌ ናቸው ብለሻል። አቦ፣ ታዲያ መንግሥት ጎረቤትሽ ነዋ! በአዋጅ 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ እነዚያ ቤቶች የመንግሥት ሆነዋል። ታንኩን የሚጠቀሙት ሦስት ቤቶች ከሆኑ፣ የሁለቱ ባለቤት ድርሻ አለበት ማለት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ቢሆን ተከራይ የሚችለው ጥቃቅኑን ጥገና ነው፤ ዋናው የአከራይ ነው። በተግባር የቀበሌ ቤት ነዋሪ ሲጨንቀው በራሱ ኪስ ያስጠግናል፣ ማን ይጠይቃል ብሎም ይተወዋል። እኔ ግን ጠይቁ ነው የምለው። “ድጋፍ ስጡን” ብላችሁ አይደለም፤ “የንብረታችሁን ድርሻ ክፈሉ” ብላችሁ ነው። አጠያየቁ ይለያያል፣ መልሱም ሊለያይ ይችላል።

ማመልከቻውን የምትጽፉት ሦስታችሁም ሆናችሁ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። የቤት ቁጥሮቹን ጻፉ። ስንት ሰው እንደምትኖሩ፣ ስንት ልጆች እንዳሉ ጻፉ። ፍሳሹ ከመቼ ጀምሮ ግቢ ላይ እንደሚወጣ ግለጹ። የክዳኑን ስንጥቅ በስልክ አንሥታችሁ አሳትሙና አያይዙ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጥሩና ትይ፤ እሷ ያየችውን በወረቀት ካሰፈረችላችሁ ማመልከቻው ክብደት ያገኛል። አንዱ ለቀበሌ ቤቶች አስተዳደር፣ ግልባጩ ለጤናና ለውሃና ፍሳሽ ይሁን። መዝገብ ቤት ስታስገቢ የራስሽ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቺ። ይህን ነገር ብዙ ሰው ይንቀዋል። ከወር በኋላ “እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልደረሰንም” ሲሉሽ ግን ከዚያች ቁጥር ሌላ የምታሳዪው የለሽም። በገንዘብ አንችልም ካሉ ሁለት ነገር ለምኛቸው። አንደኛ፣ ጎረቤቶችሽ የሚያወጡት ከወር ኪራያቸው እንዲታሰብላቸው። የቀበሌ ኪራይ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አይመልስም፤ ቢሆንም ድርሻቸው በጽሑፍ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ የጥገና ፈቃድ። ፈቃዱ ከሁሉ ይበልጣል፤ የቀበሌ ቤት ያለበትን ግቢ ያለ ፈቃድ መቆፈር ነገ ሌላ ክስ ያመጣል።

አሁን ወደ ታንኩ ራሱ እንምጣ። ግንበኛሽ “አፍርሶ መሥራት” ያለው ምን ዓይቶ ነው? ከላይ የተሰነጠቀ ክዳንና የሞላ ጉድጓድ ነው ያየው። አዲስ መሥራት ለእሱ ጥሩ ሥራ ነው፤ አልፈርድበትም። ግን ሒሳቡን እናስላ።

ታንክሽ 2 በ3 በ1.5 ሜትር ከሆነ 9,000 ሊትር ይይዛል። አንድ ሰው በዓመት የሚተወው ዝቃጭ በግምት 40 ሊትር ነው። ለአሥራ አንድ ሰው 440 ሊትር ማለት ነው። ታንክ የሚመጠጠው ዝቃጩ ሲሶ ገደማ ሲይዝ ነው። ያንቺ ሲሶ 3,000 ሊትር ነው፤ እዚያ ለመድረስ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል። ያንቺ ግን በሦስት ወር ሞላ። ስለዚህ የሞላው ዝቃጭ አይደለም፣ ውሃ ነው። መውጫ ያጣ ውሃ።

ሴፕቲክ ታንክ እኮ የሚያጠራቅም አይደለም፤ የሚያሳልፍ ነው። ክብደት ያለው ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ መሐል ያለው ውሃ በመውጫው ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ይሄዳል፤ እዚያ አፈር ይጠጣዋል። በቀን 300 ሊትር ብቻ ቢገባበት እንኳ፣ መውጫው ሙሉ በሙሉ ቢደፈን ኖሮ ታንክሽ በአንድ ወር ይሞላ ነበር። ሦስት ወር ከቆየ ማስረጊያው ገና ይሠራል፤ ደክሟል እንጂ አልሞተም። ይህ ደስ የሚል ዜና ነው። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ከቆመ ታንኩን የሚያፈርስ ምክንያት የለም።

ግንበኛ ዳግም ከመጥራትሽ በፊት በሦስቱም ቤቶች ያለውን የመጸዳጃ ፍላሽ ፈትሺ። ማታ ሁሉም ሲተኛ ፍላሹ ታንከር ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምሪ። ጠዋት ሳይለቀቅ መቀመጫው ውስጥ ቀለም ከታየ ያፈስሳል ማለት ነው። የሚያፈስ ፍላሽ በቀን መቶዎች ሊትር ሊያስገባ ይችላል። የድሬ ውሃ ደግሞ ድንጋያማ ነው፤ በጀበና የሚጋገረው ነጭ ነገር ፍላሹ ውስጥ ያለችው ጎማ ላይም ስለሚጋገር በደንብ አትዘጋም። ቀፊራ ወይም ታይዋን ገበያ የምታገኚው መለዋወጫ ዋጋው ከአንድ ጊዜ ማስመጠጫ ጋር አይወዳደርም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቧንቧ ክፍት አድርጎ የሚተኛ ጎረቤትም ካለ፣ እሱንም ተነጋገሩበት።

ቀጥሎ ታንኩን አስመጥጪ። በዚያን ቀን መኪናውን ሸኝተሽ እንዳትገቢ፤ አጠገቡ ቁሚና እዪ። ውሃው ሲወርድ ከመውጫው ቱቦ ወደ ታንኩ የሚመለስ ፍሳሽ ካለ ማስረጊያው ሞልቷል ማለት ነው። ከዚያ መውጫው አፍ ላይ ቁልቁል የወረደ ቲ ቅርጽ ያለው ቱቦ መኖሩን ከላይ በባትሪ ብርሃን እዪ። በአሮጌ ታንኮች ላይ ብዙ ጊዜ ወይ የለም ወይ ተሰብሮ ወድቋል። ቲው ከሌለ የተንሳፈፈው ቅባት በቀጥታ ወደ ማስረጊያው ይሄዳል፣ አፈሩን ይለብጠዋል፣ ከዚያ አፈሩ ውሃ አልጠጣም ይላል። የችግርሽ ሥር ይህ ይመስለኛል። ባለ 110 ሚሊ ፒቪሲ ቲ ገዝታችሁ፣ አንዱ ጫፍ ከውሃው ወለል 30 ወይም 40 ሳንቲሜትር ወደ ታች እንዲገባ ማሰር ነው። ማሰሩ ከላይ፣ በክዳኑ ቀዳዳ በኩል መሆን አለበት። የቧንቧ ሠራተኛው “ትንሽ ልውረድ” ካለ መልሺው።

ማስረጊያውን ግን አትጨቃጨቂበት። ሌላ አዲስ ጎን ለጎን ይቆፈር። ለወንድምሽ ያልኩት ሥራ ይህ ነው። ንጹሕ መሬት ነው፣ ጋዝ የለም፤ ጠርዙ እንዳይናድበት ብቻ ይደግፈው። አዲሱ ሥራ ሲጀምር አሮጌውን ለወራት አሳርፉት። ፍሳሽ ካልገባበት የለበጠው ነገር እየበሰበሰ ይሄዳል፣ አፈሩም በከፊል ያገግማል። ከዚያ እያፈራረቃችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። የውሃ ጉድጓድ ያለው ጎረቤት ካለ ደግሞ 30 ሜትር።

አንድ ነገር ላይ አደራ። ቆፋሪው “ጥልቅ ካደረግነው ለዘላለም አይሞላም” ይልሻል። እውነቱን ነው፣ ላይሞላ ይችላል። የት እንደሚሄድ ግን አይነግርሽም። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከመሬት ሥር የሚወጣ ውሃ ነው። ሳቢያን አካባቢ ያሉትን ጉድጓዶች ጨምሮ በከተማዋ የጉድጓድ ውሃ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ናይትሬት ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን፣ ማለትም በሊትር ከ50 ሚሊግራም በላይ የሆነባቸው ቦታዎች አግኝተዋል። ዋናው ምንጭ ደግሞ እኛው ነን፤ የሽንት ቤት ጉድጓዶቻችንና ታንኮቻችን። ናይትሬት በማፍላት አይጠፋም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይከማቻል። በተለይ በዱቄት ወተት ለሚያድጉ ጨቅላዎች አደገኛ ነው። ስለዚህ ማስረጊያሽ በጥልቀት ሳይሆን በስፋት ይሠራ። ላይኛው አፈር አየር ስላለው ቆሻሻውን በተሻለ ያጣራል።

የታንኩ ክዳን ግን አይጠገንም፤ መቀየር አለበት። ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍነሽ እንዳትታለዪ። ከታች ያለው ጋዝ ወደ አሲድነት ተለውጦ ኮንክሪቱንና ፌሮውን ይበላዋል። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ያለቀ የኮንክሪት ክዳን ነው ልጅ ይዞ የሚገባው። ከዛሬ ጀምሮ ዙሪያውን በቆርቆሮም በእንጨትም እጠሪው። አዲሱ ክዳን ሲሠራ ሁለት መክፈቻ ይኑረው፣ አንዱ በመግቢያው፣ አንዱ በመውጫው በኩል፤ ልጅ የማያነሣው ከባድ ክዳንም ይደረግለት። ከቤቱ ጣሪያ በላይ የሚወጣ የአየር ቱቦም ይኑረው፣ አፉ ላይ ወንፊት ይታሰር። በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ በትንኝ የሚተላለፈው የቺኩንጉንያ በሽታ ድሬን እንዴት እንዳሳመማት የማያስታውስ የለም። ዋናዎቹ የትንኝ መራቢያዎች የውሃ በርሜሎቻችን ናቸው። የተሰነጠቀ ታንክ ግን ተጨማሪ ቤት ይሆናቸዋል።

ስለ ጊዜው ልንገርሽ። አሁን ክረምቱ ደርሷል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ መቆፈር አያዋጣም። የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው የድሬን ዝናብ አይንቅም። ዝናቡ እኛ ጋ ባይዘንብም ጎርፉ ከላይ ከተራራው ይመጣል። ስለዚህ አሁን ማድረግ የምትችሉትን አድርጉ። የጣሪያው አሸንዳ ወደ ታንኩ ወይም ወደ ማስረጊያው የሚፈስ ከሆነ ዛሬውኑ አዙሩት። በታንኩ ዙሪያ አፈር ከፍ አድርጋችሁ ጎርፉን አስቀይሱ። አስመጥጡ፣ ቲውን ግጠሙ፣ ክዳኑን ቀይሩ። አዲሱን ማስረጊያ ከጥቅምት በኋላ ቆፍሩት። እስከዚያ የልብስ ማጠቢያ ውሃ ወደ ታንኩ አይግባ። ግቢያችሁ ውስጥ ኒም ወይም ሽፈራው ካለ ሥሩ አፍስሱት፣ በዚህ ሙቀት ይመርቃችኋል። ሰላጣ ላይ ግን አይሆንም።

ወደ መጸዳጃው ስለሚጣለው ነገርም ከጎረቤቶችሽ ጋር አንድ ቃል ተነጋገሩ። ፓምፐርስ፣ ሞዴስ፣ ጨርቅ፣ የመጥበሻ ዘይት ቦታቸው ሌላ ነው። የበርጫ ገረባም (የጫቱ ትራፊ) እንዲሁ። ድሬ ውስጥ ይህን ሳላነሣ ባልፍ ትስቁብኛላችሁ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት “ለትል” ተብሎ ይጨመራል፤ ተዉት፣ አፈሩንም ውሃውንም ይበክላል። በረኪና በጠርሙስ ሙሉ አትድፉ፤ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

ደግሞ ጨለማን ተገን አድርጎ ፍሳሹን በቱቦ ወደ መንገድ ቦይ የሚለቅ አለ። ይህን የሚመክርሽ ካለ አትስሚው። የ1992ቱ የሕዝብ ጤና አዋጅ ከሴፕቲክ ታንክና ከማስረጊያ የወጣ ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ውሃ መግባትን በግልጽ ይከለክላል። ቦዩ ደግሞ መጨረሻው ደቻቱ ነው። ቀበሌ ላይ ባለመብት ሆናችሁ ማመልከቻ ባስገባችሁ ማግሥት ጥፋተኛ ሆናችሁ እንዳትገኙ።

የገንዘቡ ነገር ቀረ። ቲው፣ ክዳኑ፣ ማስመጠጡና አንድ ማስረጊያ ተደምረው ከ280,000 ብር በእጅጉ ያነሰ ነው። ግንበኛው ዋጋ ሲሰጥሽ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ይጻፍልሽ፤ ሌላ ሁለት ግንበኛም ጠይቂ። ወጪውን በቤት ሳይሆን በሰው ብትካፈሉ ይሻላል። ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ስድስት ልጅ ካለው ቤት እኩል መክፈል የለባትም። አንዱ ጎረቤት “ቤቱ የእኔ አይደለም” ብሎ እምቢ ሊል ይችላል። አንድ ነገር ጠይቂው፤ ሽንት ቤቱን የሚጠቀመው ማን ነው? ካልሆነም በጉልበት ይክፈል፤ ቁፋሮው ሰው ይፈልጋል። ቀፊራ ዕቁብ ካለሽ ዕጣሽን ለመስከረም ወይም ለጥቅምት እንዲያደርጉልሽ ሰብሳቢውን አናግሪ። ማይክሮ ፋይናንስ ብድር የሚያስፈልገው ለማስረጊያው ብቻ ከሆነ ነው፤ ለሁሉም አትበደሪ። ለአክስትሽ ልጅ ደግሞ “ብር ላኪልን” ሳይሆን የክዳኑን ዋጋ የያዘውን ወረቀት ፎቶ አንሥተሽ ላኪላት። ለምን እንደምትልክ ያወቀች ሰው እጇ ይፈታል።

እርሾው ጉዳት የለውም፣ ጥቅምም የለውም። ታንኩ የሚፈልገው ባክቴሪያ በየቀኑ ከእናንተው ከአሥራ አንዳችሁ ይገባለታል። የሚቀጥለውን እርሾ ሊጡ ላይ አድርጊው።